አንድ ወንበር ለሁለት ሰው፦ የአፍጋኒስታን የ2014 ምርጫና የሥልጣን ክፍፍሉ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ስለ አፍጋኒስታን መሪዎች ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው ኦገስት 2021ን ነው። ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጡ፣ ታሊባን ካቡል ገባ፣ ሕዝቡ ኤርፖርቱን አጥለቀለቀው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። በ2014 ምርጫ ተካሄደ። ሁለት ሰዎች አሸናፊው እኔ ነኝ አሉ። ነገሩ ጠመንጃ ሊያማዝዝ ሲል ሸምጋይ ገባ፣ ስምምነት ተፈረመ፣ ደም ሳይፈስ ቀረ። ያን ቀን ብዙ ሰው እፎይ አለ። እፎይታው በምን ዋጋ እንደተገኘ የታየው ግን ቀስ በቀስ ነው።

ይህ ጉዳይ የካቡል ብቻ አይደለም። ምርጫ ተጨቃጭቆ በሥልጣን ክፍፍል የሚያልቅባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ ከጎረቤታችን ኬንያ ጀምሮ። ስለዚህ ሂደቱን ከነዝርዝሩ ማየት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በስም የማነሳቸው የአደባባይ ሰዎችን ብቻ ነው። በየመጋዘኑ ድምፅ ሲመረምሩ የከረሙትን፣ ተሰልፈው የመረጡትን፣ የስልክ ንግግራቸው ተቀድቶ የወጣባቸውን ስማቸውን ትቼዋለሁ።

መነሻው፦ በሰላም ተለቆ የማያውቅ ወንበር

የ2014ን ጭንቀት ለመረዳት ከዚያ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳውድ ካን በጁላይ 1973 የአጎታቸውን ልጅ ንጉሥ ዛሂር ሻህን ገልብጠው ነው የመጡት። ንጉሡ በወቅቱ ጣሊያን ነበሩ። ዳውድም በኤፕሪል 1978 ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ከብዙ ቤተሰባቸው ጋር ተገደሉ። የተኳቸው ተራኪ በ1979 በራሳቸው የቅርብ ሰው በአሚን ትእዛዝ ታፍነው ሞቱ። አሚን ከሦስት ወር ብዙም ሳይዘልቁ የሶቪየት ኮማንዶዎች ገደሏቸው። ካርማልን ሶቪየቶች አመጧቸው፣ ሶቪየቶች አነሷቸው። ናጂቡላህ በኤፕሪል 1992 ከአገር ሊወጡ ወደ ኤርፖርት ሲሄዱ መንገድ ተዘጋባቸው። ተመልሰው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተጠለሉ፤ እዚያው ከአራት ዓመት በላይ ተቀመጡ። በሴፕቴምበር 1996 ታሊባን ካቡል ሲገባ ከግቢው አውጥቶ ገደላቸው። በመካከል የነበሩት ራባኒ ደግሞ በስምምነት የተሰጣቸው ጊዜ ሲያልቅ ወንበሩን አልለቀቁም። በእነዚያ ዓመታት የሙጃሂዲን ቡድኖች እርስ በርስ ሲዋጉ የካቡል ግማሽ ፈራረሰ።

ከታሊባን መውደቅ በኋላ በ2001 መጨረሻ ሃሚድ ካርዛይ መጡ። በጃንዋሪ 2004 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንቱ ብዙ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ነገር አልነበረውም። የክልል ገዥዎችን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ሚኒስትሮችን አቅርቦ በፓርላማ የሚያጸድቀውም እሱ ነበር። ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል። ብዙ ብሔረሰብ ባለበትና ሁሉም ወገን የራሱ ታጣቂ በነበረው አገር ይህ ከባድ ነገር ነው።

ካርዛይ ሁለት የሥልጣን ዘመናቸውን ጨረሱ። ሕጉ ሦስተኛ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ የ2014ቱ ምርጫ በአገሪቱ ታሪክ ከአንድ የተመረጠ መሪ ወደ ሌላ የተመረጠ መሪ ሥልጣን የሚተላለፍበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር። የውጭ ኃይሎች የውጊያ ተልእኮም በዚያው ዓመት መጨረሻ ያበቃል።

ችግሩ፦ ሁለት አሸናፊ

የመጀመሪያው ዙር ኤፕሪል 5 ተካሄደ። በደህና አለፈ። ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ትክክለኛ ድምፅ ተቆጠረ። አብዱላህ አብዱላህ 45 በመቶ፣ አሽራፍ ጋኒ 31.6 በመቶ ገደማ አገኙ። አብዱላህ የዓይን ሐኪም ናቸው። የታዋቂው የጦር መሪ የአህመድ ሻህ ማሱድ ባልደረባ ነበሩ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ጋኒ አንትሮፖሎጂ የተማሩ፣ የዓለም ባንክ ባልደረባ የነበሩ፣ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ሁለቱ ለሁለተኛ ዙር ቀረቡ።

ሁለተኛው ዙር ጁን 14 ነበር። በዚያ ቀን በምዕራብ አፍጋኒስታን በሄራት ክፍለ ሀገር 11 ሰዎች መርጠው ሲመለሱ ታሊባን ያዛቸው። ቀለም የነካውን ጣታቸውን ቆረጠው። ይህን የተናገሩት የአገሪቱ ባለሥልጣናት ናቸው፤ ተጎጂዎቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንደነበሩም ተዘግቧል። ከዚህ በኋላ ስለ መቶኛና ስለ ድርድር ስጽፍ እነዚህን ሰዎች አስቡልኝ።

የምርጫ ኮሚሽኑ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ወጥቷል አለ። ከመጀመሪያው ዙር በአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። የአብዱላህ ወገን ቁጥሩን አላመነም። ከአራት ቀን በኋላ ከኮሚሽኑ ጋር መሥራት አቆመ። ቀጥሎ በድብቅ የተቀዳ የስልክ ንግግር አወጣ። በንግግሩ ላይ የኮሚሽኑ ከፍተኛ ኃላፊ ነው የተባለ ሰው ስለ በጎች ያወራል። በጎቹን ወደ ተራራ ውሰዷቸው፣ አወፍሯቸው፣ መልሷቸው ይላል። የአብዱላህ ሰዎች በጎቹ የድምፅ ሳጥኖች ናቸው አሉ። በእኛ አገር አነጋገር ኮሮጆ ግልበጣ መሆኑ ነው። ኃላፊው ክሱን ቢያስተባብሉም ከሥራቸው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ "በግ" የሚለው ቃል በካቡል ሌላ ትርጉም ይዞ ቀረ።

ጁላይ 7 ጊዜያዊ ውጤት ወጣ። ጋኒ 56.44፣ አብዱላህ 43.56 በመቶ። በመጀመሪያው ዙር ከ13 ነጥብ በላይ ሲመሩ የነበሩት ሰው በሁለተኛው ከ12 ነጥብ በላይ ወደ ኋላ ቀሩ። በማግስቱ የአብዱላህ ደጋፊዎች ካቡል ውስጥ በትልቁ የሎያ ጂርጋ (የአገሪቱ ታላቅ ባህላዊ ጉባኤ) ድንኳን ተሰበሰቡ። የካርዛይን ፎቶ ቀደዱ። አሁኑኑ መንግሥት አውጅ ብለው ጮኹ። አብዱላህ ጥቂት ቀን ታገሱኝ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎች አብዱላህን ሲወቅሱ እሰማለሁ። ያን ቀን ግን የዚያን ድንኳን ጩኸት ሰምቶ "ታገሱ" ማለት ቀላል አልነበረም። አገሪቱን በዚያ ሳምንት ያዳናት ያ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ አሜሪካ አስጠነቀቀች። ከሕግ ውጭ መንግሥት የሚያውጅ ካለ ገንዘቡም ወታደራዊ ድጋፉም ይቀራል አለች። ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ኬሪ ካቡል ገቡ። ጁላይ 12 ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ግራና ቀኝ አቁመው ስምምነት አስነገሩ። ነጥቦቹ ሁለት ነበሩ። አንድ፣ የተሰጠው ድምፅ በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ እንደገና ይመረመራል። ሁለት፣ ማንም ያሸንፍ ማን የብሔራዊ አንድነት መንግሥት ይመሠረታል።

ምርመራው ትልቅ ሥራ ነበር። ወደ 23 ሺህ የሚጠጉ የድምፅ ሳጥኖች ከመላ አገሪቱ ተሰብስበው ካቡል ባለው የኮሚሽኑ ግቢ መጋዘኖች ተከማቹ። በማጓጓዙ የኔቶ ኃይልና የአፍጋን ሠራዊት ተሳተፉ። እያንዳንዱ ሳጥን በጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። የኮሚሽኑ ሠራተኛ፣ የሁለቱ ወገን ወኪሎች፣ ታዛቢዎች ይከቡታል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ይከታተላሉ። 16 ነጥብ ያለው መመርመሪያ ቅጽ አለ። ማሸጊያው ደህና ነው? የውጤት ወረቀቱ ተነካክቷል? ወረቀቶቹ ላይ ያለው ምልክት በአንድ እጅ የተደረገ ይመስላል? በአንዱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወኪል ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ይህ ምልክት የአንድ ሰው እጅ ነው ይላል፤ ሌላው አይደለም ይላል። ሥራው በሙሉ እንዲህ ነበር። የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ነው። ቡጢ የተሰናዘሩበት ቀንም ነበር።

ሥራው በጭቅጭቅ ተጎተተ። ኦገስት 2 ይደረጋል የተባለው በዓለ ሢመት ተላለፈ። ኬሪ በኦገስት እንደገና መጡ። በወሩ መጨረሻ የአብዱላህ ወገን ምርመራውን ረግጦ ወጣ። ሚዛን እንዳይዛባ በተባበሩት መንግሥታት ጥያቄ የጋኒ ወኪሎችም ወጡ። ቀሪው ሁለቱም ወገን በሌለበት ተጠናቀቀ።

ሴፕቴምበር 21 በአርግ ቤተ መንግሥት ስምምነቱ ተፈረመ። አራት ገጽ ነው። ጋኒ ፕሬዚዳንት ይሆናሉ። አብዱላህ ወይም የሚወክሉት ሰው "ዋና ሥራ አስፈጻሚ" የሚባል አዲስ ሹመት ይይዛል። ቁልፍ የጸጥታና የኢኮኖሚ ሹመቶችን ሁለቱ ወገኖች እኩል ይከፋፈላሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሎያ ጂርጋ ተጠርቶ የጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ይግባ አይግባ ይወሰናል። የምርጫ ሕጉም ይስተካከላል። ሁለቱ ሰዎች ተቃቀፉ፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ።

ኮሚሽኑ በዚያው ቀን ጋኒን ፕሬዚዳንት ብሎ አወጀ። ስንት በመቶ እንዳገኙ ግን አልተናገረም።

ምን ሠራ

ጦርነት ቀረ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካርዛይ ሴፕቴምበር 29 ወንበሩን በእጃቸው አስረክበው ወጡ፤ በካቡል መኖርም ቀጠሉ። ከላይ ለቆጠርኳቸው መሪዎች እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም። በማግስቱ ከአሜሪካና ከኔቶ ጋር የጸጥታ ስምምነቶቹ ተፈረሙ፤ የሠራዊቱ ደመወዝ የሚያገኘው የውጭ ገንዘብ ቀጠለ። ከሁለት ወር በላይ የፈጀው የኬሪ ሽምግልና በግባ-ውጣ ያለ ጥይት ይህን ማስገኘቱን ማመስገን ተገቢ ነው።

ምን አልሠራም

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነው። በዓለ ሢመቱ ዋዜማ ላይ ሁለቱ ወገኖች በምን እንደተጨቃጨቁ ታውቃላችሁ? አብዱላህ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ንግግር ያደርጋሉ ወይስ አያደርጉም፣ ቢሯቸውስ የት ይሁን በሚል። የአብዱላህ ወገን አልመጣም እስከማለት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ተናገሩ፤ ቢሯቸውም ከአርግ አጠገብ ባለው ሰፔዳር ቤተ መንግሥት ሆነ።

የጭቅጭቁ ሥር ግን ወረቀቱ ውስጥ ነበር። ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚለውን ሹመት ሕገ መንግሥቱ አያውቀውም። የቆመው በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ነው። በፕሬዚዳንት አዋጅ የቆመ ባለሥልጣን ከፕሬዚዳንቱ ጋር እኩል ነው ሊባል አይችልም፤ ፖለቲካው ግን እኩል ነው ይላል። ካቢኔውን ፕሬዚዳንቱ ይመሩታል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚባለውን ሳምንታዊ ስብሰባ ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ይመሩታል። ሚኒስትሮቹ ያው ናቸው። አንድ ሚኒስትር ዛሬ አንዱ አዳራሽ፣ ነገ ሌላው አዳራሽ ይቀመጣል። ሁለቱ አዳራሾች የተለያየ ነገር ሲሉት የማንን ይስማ? አራቱ ገጾች ለዚህ መልስ የላቸውም።

"እኩል" የሚለው ቃልም ራሱን የቻለ ችግር ነበር። የላይኛው ሹመት እኩል፣ የታችኛው "ተመጣጣኝ" ይላል ስምምነቱ። እኩል የት አልቆ ተመጣጣኝ የት ይጀምራል? ጭቅጭቁ እስከ ክልል ገዥ፣ እስከ አምባሳደር ወረደ።

ውጤቱን በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ እንየው። የመጀመሪያው የካቢኔ ዝርዝር የቀረበው በጃንዋሪ 2015 ነው። ከሹመቱ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ። ፓርላማው የተወሰኑትን ብቻ አጸደቀ። የመከላከያ ሚኒስትርነቱ ሰው አጣ። አንድ እጩ ሳይሆን ቀረ፣ ሌላው በተጠባባቂነት ተቀምጦ ፓርላማው ጣለው፣ እሱም በተጠባባቂነቱ ቀጠለ። ፓርላማው ያጸደቀው የመከላከያ ሚኒስትር የተገኘው በጁን 2016 ነው። በጦርነት ላይ ያለ አገር ለ20 ወር ያህል ሙሉ ሥልጣን ያለው የመከላከያ ሚኒስትር አልነበረውም ማለት ነው። በዚህ መሀል፣ መንግሥቱ አንደኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 28, 2015 ቁንዱዝ ከተማ በታሊባን እጅ ወደቀች። ከ2001 ወዲህ ታሊባን የክልል ዋና ከተማ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። የከተማዋ መውደቅ ብዙ ምክንያት አለው። የተከፋፈለ ዕዝ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ቀጠሮዎቹም አለፉ። ሎያ ጂርጋው በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይጠራ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ አልተጠራም። በ2015 ሊደረግ የነበረው የፓርላማ ምርጫ በኦክቶበር 2018 ተደረገ። በኦገስት 2016 አብዱላህ በአደባባይ፣ ለውይይት ትዕግሥት የሌለው ሰው ለፕሬዚዳንትነት አይገባም አሉ። ከፕሬዚዳንቱ ጋር ለብቻ ተቀምጠው ካወሩ ወራት እንዳለፋቸውም ተናገሩ። ግቢዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። በእግር የሚኬድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ያልተነገረው ቁጥር ነው። 23 ሺህ ሳጥን ተከፍቶ ተመረመረ። ያን ሁሉ ሥራ ሠርቶ ውጤቱን ለሕዝብ አለመንገር ምን ማለት ነው? የአብዱላህ ወገን ቁጥሩ እንዲቀር ጠይቆ ነበር፤ ተሸናፊ መባልን አልፈለገም። ጋኒም ወንበሩን ለማግኘት ዝም አሉ። ውጤቱ በይፋ የተነገረው በ2016 ነው፤ ጋኒ 55.27 በመቶ። ያን ጊዜ ማንም ግድ አልሰጠውም። በመካከሉ ግን አንዱ ወገን "እኛ አሸንፈን አካፈልናችሁ" እያለ፣ ሌላው "አሸንፈን ተቀማን" እያለ ኖረ።

ያው ጉዳይ ዳግም፦ 2019 እና 2020

ሴፕቴምበር 28, 2019 ያው ሁለት ሰዎች እንደገና ተወዳደሩ። በዚህ ጊዜ አሻራና ፎቶ የሚወስድ መሣሪያ ገባ። የመጨረሻው ውጤት የወጣው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2020 ነው። ጋኒ 50.64 በመቶ። አብዱላህ አልቀበልም አሉ።

ማርች 9, 2020 ካቡል ውስጥ በአንድ ቀን ሁለት ሰዎች ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጋኒ በአርግ፣ አብዱላህ በሰፔዳር። ጋኒ ሲናገሩ ሮኬት አካባቢው ላይ ወደቀ። ኮታቸውን ከፍተው ጥይት መከላከያ እንዳልለበሱ አሳዩ። አሜሪካ ወታደሮቿን ስለማስወጣት ከታሊባን ጋር በዶሃ የተፈራረመችው ከዚያ 9 ቀን በፊት ነው። ታሊባን በአንድ ድምፅ ሲደራደር መንግሥቱ ለድርድር ማንን እንደሚልክ እንኳ መስማማት አቅቶት ነበር።

አሁንም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በዚህ ጊዜ ማይክ ፖምፔዮ፣ ካቡል መጡ። ሳይሳካላቸው ተመለሱ፤ 1 ቢሊዮን ዶላር ዕርዳታ እንደሚቀነስ ተናገሩ። ሜይ 17 ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ አብዱላህ የብሔራዊ ዕርቅ ከፍተኛ ምክር ቤት መሪ ሆኑ። 15 ወር ሳይሞላ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባላል። ብልህ ምክር ነው። በ2014 ሸምጋዮቹ ያሰቡት ይህን ይመስለኛል። ችግሩ ሁለቱ ባላዎች አንድ ጣራ ይዘው በተለያየ አቅጣጫ መጎተታቸው ነው። ሥልጣን ሲከፈል መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ሁለቱ ባይስማሙ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ሹመት ማከፋፈል ከዚያ በኋላ ይመጣል። በካቡል የተደረገው የተገላቢጦሽ ነው።

ሁለተኛው ከኬንያ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በ2008 ናይሮቢም ምርጫ ተጨቃጭቆ፣ ያውም ደም ፈስሶ፣ በሥልጣን ክፍፍል አለቀ። እዚያ ግን የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን አንድ ወር ከምናምን ተቀምጠው ሸመገሉ። ፓርላማው በሳምንታት ውስጥ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሹመት ሕጋዊ አደረገው። በኦገስት 2010 አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። የኬንያም ጥምር መንግሥት ብዙ ተጨቃጭቋል፤ ግን የቆመበት መሬት ነበረው። የአፍጋኒስታኑ ስምምነት ሁለት ዓመት ቀጠሮ ቢያስቀምጥም ቀጠሮው ቢፈርስ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ከተፈረመ በኋላም አፈጻጸሙን ቀን በቀን የሚከታተል ሸምጋይ አልተቀመጠም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ የማይናወጥ አቋም አለኝ። ድምፅ ከተቆጠረ ይነገር። ተሸናፊውን ማክበር የሚቻልበት ሌላ መንገድ ሞልቷል፤ ሹመትም፣ ክብርም፣ ንግግርም። ቁጥሩ ግን የተወዳዳሪዎቹ ንብረት አይደለም። የመራጩ ነው። በዚያ አራት ገጽ ላይ የፈረሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሄራቶቹ 11 ሰዎች አልተጠየቁም።

በ2014 የመጀመሪያ ዙር ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ነበር። በ2019 የመራጭ መዝገብ ላይ የነበረው ሰው 9.6 ሚሊዮን ነው። የጸጥታው ሁኔታ ተባብሶ ነበር፣ መሣሪያውም የብዙ ሰው ድምፅ ውድቅ አድርጓል። ይህን ሁሉ ቀንሰን እንኳ በመጨረሻ የተቆጠረው ትክክለኛ ድምፅ 1.8 ሚሊዮን ብቻ ነው።